ቁልፍ የተቀበለ ሰው

በአንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ሰሞኑን ኩርፊያ ገብቷል። ጠቡ በደመወዝ አይደለም፤ በዕድገትም አይደለም። በፓስዎርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃላፊው የኢሜይላቸውን ፓስዎርድ ለጸሐፊያቸው ከሰጡ ዓመታት አልፈዋል። ደብዳቤ የምታነብላቸው፣ መልስ የምትጽፍላቸው፣ ቀጠሮ የምትይዝላቸው እሷ ናት። እሳቸውም “እሷ እኮ እኔ ማለት ናት” ይላሉ። በቅርቡ ታዲያ የኮምፒዩተር ባለሙያው ኢሜይሉንና የቀጠሮውን ፕሮግራም ከሒሳቡና ከሠራተኛ ማኅደሩ ጋር አያይዞ ሁሉንም በአንድ መግቢያ አደረጋቸው። “ሲንግል ሳይን ኦን” የሚሉት ነው። በአንዱ በር ማንነትዎን ያስመሰክራሉ፤ ሌሎቹ በሮች የዚያን በረኛ ምስክርነት አምነው ያስገቡዎታል። ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ “ጋሼ፣ አደራ፣ ይህን ፓስዎርድ ለማንም እንዳይሰጡ” አላቸው። ጸሐፊዋ ሰማች።

“ይህን ሁሉ ዓመት ታምኜ፣ ዛሬ ምን አጥፍቼ ነው?” አለች።

እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ከእሷ ጋር ነበርኩ። እኛ ዘንድ ቁልፍ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤት አገር ቤት ሲሄድ ቁልፉን የሚተውልን ስለሚያከብረን ነው። “ቁልፌን መልሺልኝ” ማለት ደግሞ፣ ምንም ያህል በትሕትና ቢባል፣ ስድብ ነው።

ባለሙያው ግን ከሴትዮዋ ጋር ጠብ የለውም። ድሮ የኢሜይል ፕሮግራማችን፣ አውትሉክ በሉት ተንደርበርድ፣ ፓስዎርዳችንን ሆዱ ውስጥ ይዞ ደብዳቤ ሊያመጣ በሄደ ቁጥር ለሰርቨሩ ያቀርብ ነበር። የእኛን መታወቂያ ይዞ፣ እኛን መስሎ የሚሄድ ተላላኪ ማለት ነው። መታወቂያው ከኪሱ ከተሰረቀ ሌባውም እኛን ይሆናል። በአዲሱ አሠራር ፕሮግራሙ ፓስዎርዱን አያየውም። ወደ በረኛው ይመራናል፤ እዚያ ራሳችን እንገባለን፤ በረኛውም ለፕሮግራሙ “የእገሌን ደብዳቤና ቀጠሮ እንዲያይ ተፈቅዶለታል” የሚል፣ ጊዜ የተወሰነለት ፈቃድ ይሰጠዋል። ስልክ ቢጠፋ የዚያን ስልክ ፈቃድ መሰረዝ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በአሜሪካው ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው “ከርበሮስ” የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ትኬት ነው። (ስሙ በግሪኮች ተረት የሙታንን ዓለም በር የሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ስም ነው።) ማይክሮሶፍትም በድርጅት ኢሜይሎች ላይ የድሮውን መንገድ መዝጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ለፕሮግራም ፓስዎርዳችንን ስንነፍገው ማንም አይከፋም። ፕሮግራም ክብር የለውም። ነገር ግን ፕሮግራም አይታማም፣ አይከሰስም። ሰው ግን ይታማል፣ ይከሰሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው መሥሪያ ቤት አንድ የጨረታ ዋጋ ከኃላፊው ኢሜይል ወጥቶ ማወቅ ለማይገባው ሰው ደረሰ። መዝገቡ “ኃላፊው ላኩ” ይላል። ኃላፊው “እኔ አልላክሁም” አሉ። ፓስዎርዱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ካልሆነ... ማንም ፊት ለፊት አልወነጀላትም። ግን ለወራት ቡና ሲጠጣ የሚጠራት ጠፋ። “እኔ አይደለሁም” እንዳትል፣ የእሷ እጅ ከእሳቸው እጅ የሚለይበት ምንም ነገር አልነበረም። ያ ሁሉ እምነት የዚያን ቀን የጠቀመው ማንን ነው? ኃላፊው ቁልፉን ሲሰጧት ሥራቸውን አቀለሉ፤ ሳያስቡት ደግሞ “አልላክሁም” የሚሉበትን ቀዳዳ አገኙ። አደራው የከበደው በተቀባይዋ ላይ ነው።

አሁን ጸሐፊዋ በራሷ ስም ትገባለች። የኃላፊውን ደብዳቤና ቀጠሮ እንድታይ ውክልና አላት፤ የምትልከው ደብዳቤም “በእሳቸው ምትክ እሷ” የሚል ምልክት አለው። ስሟ የሌለበት የእሷ አይደለም።

አንድ በረኛ ሁሉንም በር ይዞ መቀመጡ ግን እኔንም አያስደስተኝም። ሠራተኛ በተሰናበተባት ደቂቃ ደብዳቤውም፣ ቀጠሮውም፣ የዓመታት ማስታወሻውም በአንድ ጠቅታ ይዘጋበታል፤ ባልደረቦቹን የሚሰናበትበት እንኳ አይተርፈውም። ይህን ለባለሙያው ብነግረው ትከሻውን ነቀነቀ።

ባለፈው ሳምንት ጎራ ስል ኩርፊያው አልበረደም ነበር። ባለሙያው ከጎኗ ቆሞ ውክልናውን ያሳያታል። ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣

“ያኔ ይህ ቢኖር ኖሮ ያንን ደብዳቤ ማን እንደላከው ይታወቅ ነበር?” አለችው።

“ይታወቅ ነበር፣ እትዬ።”

ቀና ብላ የኃላፊውን በር አየች።