ጦርነትን በሲኒማ ስለ ማየት

ሰው ከጦርነት ይሸሻል። ቤቱን ዘግቶ፥ ከብቱን ነድቶ፥ ልጁን አዝሎ ይሰደዳል። ይኸው ሰው ሰላም ባገኘ ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ በጨለማ አዳራሽ ይቀመጥና የጦርነት ፊልም ያያል። ልቡ ይመታል፥ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲፈጸምም ረክቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ነገር ምንድን ነው? በሌላው መከራ መደሰት ነውን? ወይስ መከራውን መካፈል? ጥያቄው በየትም አገር የሚነሣ ነው፤ ዳሩ ግን እንደ አሶሳ ባለ የጠረፍ ከተማ፥ የተኩስ ድምፅ ከፊልም ብቻ ባልተሰማበት ስፍራ፥ ክብደቱ የበለጠ ነው ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ጭንቀቱ በምን ዘዴ እንደሚሠራ እንመልከት። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሩሲያ የሲኒማ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት የአንድን ተዋናይ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፥ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ሥዕል ጋራ ቢያጋጥመው፥ ተመልካቾች በዚያው ባልተለወጠ ፊት ላይ አንድ ጊዜ ረኃብን፥ ሌላ ጊዜ ኀዘንን አነበቡ ይባላል። እንግዲህ ስሜቱን የወለደው የፊቱ መለዋወጥ ሳይሆን የሥዕሎቹ ቅደም ተከተል ነበር። ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው «ደንከርክ» ጠላትን ከሞላ ጐደል ሳያሳይ፥ የሰዓት ምት ከሙዚቃው ጋራ እያሰማ ተመልካቹን ያስጨንቀዋል። ስቲቨን ስፒልበርግም እ.ኤ.አ. በ1998 «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» በተባለው ፊልም፥ ፍንዳታ ያደነቈረውን የአንድ ሻምበል ጆሮ ለእኛ ያውሰናል፤ ጩኸቱ ሁሉ ታፍኖ፥ ጦርነቱ በዝምታ ውስጥ ሲካሄድ እናያለን።

ይሁን እንጂ ጭንቀት ብቻውን ትርጉም አይደለም። በመንገድ ላይ ድንገት የጮኸ ሰው ያስደነግጠናል እንጂ ምንም አያስተምረንም። ፊልም ሠሪ ጭንቀታችንን የሚበደር ሰው ነው፤ ቁም ነገሩ ብድሩን በምን ይከፍላል? የሚለው ነው። መልሱም በአብዛኛው የሚገኘው ካሜራው ከቆመበት ስፍራ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር «ሉቼ» የተባለው የመንግሥቷ የፊልም ተቋም ባለሙያዎች ሠራዊቱን ተከትለው ይቀርጹ ነበር። ከቀረጿቸውም ሥዕሎች መካከል ከአውሮፕላን ላይ ወደ ታች የተነሡ አሉ። ከዚያ ከፍታ ሲታይ መንደር ነጥብ፥ ሰውም ጉንዳን ነው፤ ቦምቡ ሲወድቅ ጢሱ ይታያል እንጂ የእናት ፊት አይታይም። ለሕዝብ በቀረበው ሥዕል የመርዝ ጋዙ ግፍ ቦታ አልነበረውም፤ የኢጣልያ መንግሥትም በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስለዚህ ካሜራ የሐሰት ቃል ሳይናገር፥ ከፍ ብሎ በመቆሙ ብቻ ሊዋሽ ይችላል።

ከዚያችው ከኢጣልያ የተነሣው ጂሎ ፖንቴኮርቮ ግን እ.ኤ.አ. በ1966 «የአልጀርስ ጦርነት» በተባለው ፊልሙ ካሜራውን ወደ ሰው ፊት አወረደው። ፊልሙ ለአልጄሪያ ነጻነት የቆመ ነው። ሆኖም ታጋይቱ በቦርሳዋ ቦምብ ይዛ ፈረንሳውያን ከተሰበሰቡበት ቡና ቤት ስትቀመጥ፥ ካሜራው ጥቂት ቆይተው በሚሞቱት ሰዎች ፊት ላይ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ከእነርሱም መካከል አይስክሬም የሚልስ ሕፃን አለ። ለሁለቱም ወገን ሙታን የሚሰማው የኀዘን ዜማ አንድ ነው። ጭንቀታችን በዚህ ጊዜ «ይፈነዳ ይሆን?» ከማለት አልፎ «የተገባ ነውን?» ወደ ማለት ይደርሳል። ርእሱን ከዮሐንስ ራእይ የወሰደው የኤሌም ክሊሞቭ «መጥተህ እይ»፥ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው፥ ከዚህም ይጠልቃል። መንደሮች ሲቃጠሉ ያየው የቤላሩስ ልጅ የሂትለርን ሥዕል ደጋግሞ ይተኩስበታል፤ ዘመኑም በፊልሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሂትለር በእናቱ ጭን ላይ ሕፃን ሆኖ ሲታይ፥ ልጁ መተኰሱን ያቆማል።

እንግዲህ ወደ አሶሳ እንመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ መጋቢት 2 ቀን፥ «ፎርስ ፐብሊክ» የተባለው የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ አሶሳን ከጣልያኖች እጅ አስለቀቀ። ይህን ታሪክ ፊልም ሠሪ ቢያነሣው ምን ያሳየናል? መድፉንና ባንዲራውን ብቻ ቢያሳየን ጭንቀታችንን ወስዶ ባዶ እጃችንን ይሰደናል። የኮንጎውን ወታደር ፊት በቅርብ ቢያሳየን ግን፥ የራሱ አገር በሌላ እጅ ሳለች ለእኛ አገር ነጻነት የተዋጋ ሰው እናያለን፤ ኮንጎ ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነውና። ካሜራውንም በበርታው ገበሬ ደጃፍ ቢያቆመው፥ ከመጣው ጦር ሁሉ ጋራ አብሮ መኖር የነበረበትን ሰው ዝምታ እንሰማለን። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው «ዐድዋ» ፊልም ሠሪ ያላየውን የ1888 ዓ.ም. ጦርነት በሽማግሌዎች ቃል፥ በዜማና በሥዕል እንደ ተረከው፥ የአሶሳም ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ከመጣው ትዝታ ሊሠራ ይችላል።

ይህ ነገር የጥበብ ወግ ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከልና በካማሺ በደረሰው ግጭት ብዙ ወገኖቻችን ሞተዋል፥ ተፈናቅለዋልም። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ተሰዶ ገብቷል። የእነዚህ ሰዎች ልጅ የጦርነት ፊልም ሲያይ ከእኛ የተለየ ነገር ይሰማል፤ እኛ የተዋስነውን ፍርሃት እርሱ ከቤቱ ይዞት መጥቷልና። አንዳንዶች «እንግዲያስ እንዲህ ያለው ፊልም ቢቀር ይሻላል» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ዝም ማለትም የተወጋውን ብቻውን መተው ነው። የሚሻለው ተመልካቹ መመርመርን እንዲለምድ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ከአዳራሹ ስንወጣ «ተኩሱ እንዴት ያለ ነበር!» ከማለታችን በፊት፥ ካሜራው ከማን ጋራ ቆሞ እንደ ነበር፥ ፊቱን ያየነው የማንን እንደ ሆነ፥ ፊቱ የተሰወረብንስ ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ይህን የለመደ ሰው በሸራው ላይ ስለሚያየው ጦርነት ብቻ ሳይሆን፥ ከጐረቤት ስለሚሰማው የጠብ ወሬም እንደዚሁ መጠየቅ ይጀምራል። በፊልም የተበደርነው ጭንቀት ይህን ያህል ካተረፈልን፥ ገንዘባችንም ጊዜያችንም በከንቱ አልጠፋም።