ፈቃዱ ክፍት፣ ፋይሉ ዝግ

ባለፈው ክረምት ስለ ስኳር በሽታ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ አገኘሁ። መጀመሪያ ገጹ ላይ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ምልክት አለው፤ ምንጩን ጥቀሱ እንጂ ቅዱት፣ አሻሽሉት፣ አካፍሉት ይላል። የአጎቴ ልጅ ስኳር አለበት፤ ዓይነ ስውር ስለሆነ ጽሑፍ የሚያነብለት ስልኩ ነው። «በቃ ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ» አልኩት።

ኮፒ አድርጌ ስለጥፈው ግን የወጣው የላቲን ሆሄና የምልክት ቅልቅል ነው። ለካ የተተየበው በድሮ የግዕዝ ፎንት ኖሯል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የእኛን ፊደል ቅርጽ የሚደርቡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነበር። ለዓይን «ሀ» ነው፤ ለስልኩ ግን ሌላ ነገር።

ታዲያ ይሄ ሥራ ነጻ ነው?

አንድ ጓደኛዬ «ነጻ ነዋ! ሰውየው መብቱን ሰጠህ፤ ድካምህን ሊቀንስልህ ግዴታ የለበትም» አለኝ። እውነት አለው። ማንም አይከሰኝም፤ ቁጭ ብዬ እንደገና መተየብ እችላለሁ። ተየብኩትም፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግን ያንን ማድረግ የቻልኩት ስለማይ ነው። ፈቃዱ ለሁለታችንም እኩል ተጽፏል፤ ፋይሉ ግን ለእኔ ብቻ ሰጠ። ፎርማት መብት አይነጥቅም፤ መብቱ ለማን እንደሚደርስ ግን ይመርጣል።

ይሄን ያሰቡበት አሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የግኑ የሰነድ ፈቃድ፣ ለማረም የማይመች ቅጂ ከ100 በላይ የሚያሰራጭ ሰው የሚታረመውንም አብሮ እንዲሰጥ ወይም የሚገኝበትን እንዲጠቁም ያስገድዳል። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች እንዲህ ያለ ግዴታ የላቸውም።

ጥፋተኛው ፒዲኤፍ ነው ማለቴ አይደለም። እሱ ራሱ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ክፍት ፎርማት ነው፤ በዩኒኮድ ቢሠራ ኖሮ ስልኩ ባነበበው ነበር። ሁሉም ይገደድ ማለቴም አይደለም፤ ዋናው ፋይል የጠፋበት ደራሲ ያለውን ቢሰጥ ይመስገን። ዋናው ፋይል እጁ ላይ እያለ «አሻሽሉት» ብሎ የማይሻሻለውን ብቻ የሚሰጥ ግን፣ ኑ ብሉ ብሎ መሶቡን እንደ መክደን ነው።

የተየብኩትን ላኩለት። በማግስቱ የድምፅ መልእክት መጣልኝ፤ «አመሰግናለሁ። ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሁለት ቦታ ተሳስተሃል፤ አርመው።»

ነጻነቱ የደረሰው ያኔ ነው።