መሬት አስተዳደር ለገባኸው ልጄ

ልጄ፣ ባሕር ዳር መሬት አስተዳደር ተመደበ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ሰጋሁልህ። ሰፈሩ ሥራ ሳትጀምር «በቃ፣ ዘንድሮ ቤት ሠራ» ብሎልሃል።

አትቀየመው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ሹመኛ ደመወዝ በሌለው ዘመን ነው፤ ጉልቱ ነበር ደመወዙ፣ ከገበሬው ግብር በልቶ ያድራል። ዛሬ ደመወዝ አለ፤ አንተን ከወር ወር አያደርስህም፣ ፊርማህ ግን ሚሊዮን ያወጣል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደነገገ። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ደግሞ የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጥ አለ። ጨረታ በአደባባይ ይከፈታል፤ ምደባ ግን በር ተዘግቶ ያልቃል፣ ዋጋውም ከሊዝ መነሻው ብዙ አይርቅም። ጣና ዳር ሎጅ የሚያሠራ ቦታ በዚህ መንገድ ሲሄድ፣ ከገበያው ጋር ያለው ልዩነት ኪስ ይፈልጋል። ኃላፊ ቢቀያየር ልዩነቱ እዚያው ነው። ስብከት አያጠፋውም።

ደላላውንም እወቀው። ቢሮው ፊት ለፊት ካፌ ተቀምጦ «ለኃላፊው ነው» እያለ ይቀበላል። አንዳንዴ ኃላፊው ወሬውንም አልሰማም፤ ፋይሉ በተራው ሲያልቅ ደላላው «አላልኩህም?» ይላል። ሀብቱ «ሁሉም ይበላል» የሚለው የሰው እምነት ነው። የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና መለኪያም የሚመዝነው የተሰረቀ ብር ሳይሆን የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግምት ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከ100 ያገኘችው 37 ነው። ግምት ነው ብለህ አትናቀው። ከዘጌ በጀልባ የመጣ ገበሬ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ሲባል ደላላውን ካልሆነ ማንን ይፈልግ?

እንግዲህ ፋይል ስትቀበል ቀንና ቁጥር ጽፈህ ለባለጉዳዩ ስጠው፤ ከዘገየ ምክንያቱን በጽሑፍ ይወቅ። ከደላላ ጋር ቡና አትጠጣ፣ ንጹሕ ብትሆንም ያየህ ሰው ሒሳቡን ይሠራል። አለቃህ «ይችን በቃል ጨርሳት» ካለህ «በጽሑፍ ይምሩልኝ» በል። ዕድገት ሊያስቀርብህ ይችላል፤ አልዋሽህም። ሀብትህን በሕጉ መሠረት አስመዝግብ። ጥቆማ ላይ ከደረስክ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለልህ፤ ቢሆንም ቅጂ ሳትይዝ አትነሣ።

ከሁሉ በፊት ግን በመጀመሪያው ስብሰባችሁ አንድ ነገር ጠይቅልን፦ በምደባ የተሰጠ ቦታ ሁሉ ከነስፋቱ፣ ከነዋጋውና ከነተቀባዩ ስም በራችሁ ላይ ይለጠፍ።