ቀስ ብሎ የበረደ ብረት



እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1751 ህራሽቺና በተባለች የክሮኤሽያ መንደር ብረት ከሰማይ ወደቀ። የዛግሬብ ሀገረ ስብከት ያዩትን ሰዎች አስምሎ ቃላቸውን መዘገበ፤ 40 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውም ትልቁ ክፍል ወደ ቪየና ተላከ። በዚያም በ1808 አሎይስ ቪድማንሽቴተን ከብረቱ ተቆርጦ የተወለወለውን ገጽ በነበልባል ቢያሞቀው፥ እንደ ሰሌን የተጠላለፈ የክሪስታል መስመር ታየ።

መስመሩን እሳቱ ገለጠው እንጂ አልሣለውም። ብረቱ ከኒኬል ጋር ተዋሕዶ በጠፈር በሚዞር አካል ልብ ውስጥ ሲበርድ፥ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ እስኪቀንስ መቶዎች፥ ብዙ ጊዜም ሺህዎች ዓመታት ወስዶበታል። በዚያ ዝግታ ኒኬል ያነሰበትና የበዛበት ክፍል እየተለየ በሥርዓት ተደረደረ። የጎንደር ባለ እጅ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነክር ብረቱ በቅጽበት ይበርዳል፤ ለሥራ ይበቃል፥ እንዲህ ያለ ሥዕል ግን አይይዝም።

የሰውም ልብ እንዲሁ ነው። በ1926 ብፁዕ የተባሉትን አባ ገብረ ሚካኤልን እናስብ። በ1791 በጎጃም ተወልደው፥ በጎንደር ሊቃውንት መካከል እውነትን ሲመረምሩ ኖረው፥ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተባበሩት በ1844፥ ዕድሜአቸው ከ50 ካለፈ በኋላ ነው። በ1854 ጎንደር ላይ ተያዙ፤ በ1855 እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ሰንሰለቱ ያገኘው ረጅም ዘመን የሠራውን ሰው ነበር።

እኛም ከ2020 ወዲህ ጦርነት ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ በደረሰ ጊዜ፥ ተፈናቃዩን ቤቱ ያስገባውንም በሩን የዘጋበትንም አይተናል። ሁለቱም በዚያች ሌሊት አልተሠሩም፤ በዚያች ሌሊት ታዩ እንጂ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ጸሎቱን ገና ያልያዘውን ሕፃን አንሰልች፤ የተጠመቁትን ቍጥር ብቻ እየቈጠርን አንቸኩል። እንጀራ መካፈልን፥ ይቅርታን፥ እውነት መናገርን ዛሬ በጸጥታው ቀን እናስተምር፤ በመከራ ቀን ለመማር ጊዜ አይገኝምና። በፈተና ጊዜ ልቡ ደብዝዞ የታየበትም ተስፋ አይቍረጥ። ብረቱ አንድ ጊዜ በርዶ አብቅቷል፤ እኛ ግን በሕይወት ሳለን ገና በሠሪያችን እጅ ነን።

ለእርሱ ክብር ይሁን። አሜን።