ለማይጠቅም ነገር መትጋት ይገባልን?

ትጋት መልካም ነው እየተባልን አድገናል። ወላጆቻችንም፣ መምህሮቻችንም፣ ታላላቆቻችንም በዚህ አንድ ናቸው። ነገር ግን ትጋት ብቻውን ቢመዘን መልካምነቱ ከወዴት ይመጣል? ሌባም እኮ ይተጋል፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል፣ የሰው አጥር ያጠናል፣ ሰዓት ይቆጥራል። እንግዲህ ትጋት መልካምነቱን የሚያገኘው ከሚተጋለት ነገር ነው ማለት ሊቀለን ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ክፉም ላልሆነ፣ ጥቅምም ለማይሰጥ ነገር የሚተጋውን ሰው ምን እንበለው? እናመስግነው ወይስ እንገሥጸው?

ነገሩ እንዲሁ በአየር ላይ እንዳይቀር በእጅ የሚጨበጥ ምሳሌ እንውሰድ፤ ይኸውም የሩቢክ ኪዩብ ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ስድስት ገጽ ያለው፣ በመዳፍ የሚያዝ፣ እያንዳንዱም ገጽ በዘጠኝ ትንንሽ ካሬዎች የተከፈለ መጫወቻ ነው። አዲስ ሲሆን እያንዳንዱ ገጽ የየራሱ አንድ ቀለም አለው፤ ጥቂት ጊዜ ካዞሩት ቀለሙ ሁሉ ይደበላለቃል። ጨዋታው ወደ ነበረበት መመለስ ነው።

የሠራው ኤርኖ ሩቢክ የተባለ፣ በቡዳፔስት ከተማ የሥነ ሕንጻ መምህር የነበረ ሃንጋሪያዊ ነው። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሠርቶ ካዟዟረው በኋላ፣ ገዛ እጁ የደባለቀውን መልሶ ለማስተካከል አንድ ወር ያህል ፈጅቶበታል። አይፈረድበትም። ይህች ትንሽ መጫወቻ ልትይዝ የምትችለው አቀማመጥ ብዛቱ 43,252,003,274,489,856,000 ነው። በየሰከንዱ አንድ አንድ አቀማመጥ ብንመለከት ሁሉንም አይቶ ለመጨረስ ከ1 ትሪሊዮን ዓመት በላይ ይወስዳል። ይህን ሁሉ ብዛት ይዛ ሳለ፣ የቱንም ያህል ብትደባለቅ ከ20 በማይበልጥ ዙር ልትስተካከል እንደምትችል በ2010 (እ.ኤ.አ.) ጥቂት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ለዚሁም ጉግል የተባለው ኩባንያ ያዋሳቸው ኮምፒውተሮች፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ቢሠራው 35 ዓመት ይፈጅ የነበረውን ስሌት ሠርተውላቸዋል።

ሰው ግን መፍታት በቻለ ጊዜ መፍታቱ ብቻ አልበቃውም፤ ማን ይቀድማል አለ። በ1982 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በቡዳፔስት በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ውድድር ሚን ታይ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ በ22.95 ሰከንድ አሸነፈ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ማክስ ፓርክ የተባለ አሜሪካዊ በ3.13 ሰከንድ ፈታው፤ ከዚያ ወዲህ ይህም ተሰብሯል። የዛሬ ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ በሚጠቀሙበት ዘዴ የመጨረሻውን ደርብ ብቻ ለመጨረስ 78 ቀመሮች በቃል ይጠናሉ። እያንዳንዱ ቀመር ጣት ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ በመቶ በሺህ ጊዜ ይደጋገማል። አንድ ወጣት ከሰዓቱ ላይ አንድ ሰከንድ ለመቀነስ ወራት ሲደክም እናገኘዋለን።

አሁን ነቃፊው ይነሣ። «ግንበኛ ሲተጋ ቤት ይቆማል፤ ገበሬ ሲተጋ ጎተራ ይሞላል፤ ተማሪም ሲተጋ ነገ ሕመምተኛ ያክማል ወይም ድልድይ ይሠራል። ይህ ሰው ግን አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ የሚያደርገው ምንድር ነው? መልሶ መደባለቅ ነው! ማታ ሲተኛ ጠዋት ያልነበረ ምን ነገር በዓለም ላይ ተጨመረ?» ይላል። ይህ ነቀፋ ቀላል አይደለም፤ በሳቅ የሚታለፍም አይደለም። ጊዜ ተሰፍሮ የተሰጠን ነገር ነውና።

ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚሰጠው መልስ «አእምሮን ያሰላል፤ ለሒሳብ ይረዳል» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልደገፍበትም። 78 ቀመር ያጠና ሰው በእርግጥ ያወቀው 78ቱን ቀመር ነው። ዓላማው ሒሳብ ከሆነ ወደ ሒሳቡ መጽሐፍ መሄድ ያጥራል። ደግሞም መልሱ ውስጡ የተደበቀ ሽንፈት አለበት፤ ጨዋታ የሚፈቀደው ሥራን ሲያገለግል ብቻ ነው ብሎ አስቀድሞ ለነቃፊው እጁን ሰጥቷልና።

እኔስ ከዚህ የተለየ ነገር ነው የምለው። በሕይወታችን ውስጥ ለሌላ ነገር መሣሪያ ስለሆኑ ሳይሆን ስለ ራሳቸው መልካም የሆኑ ነገሮች አሉ። ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠሩ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይዞራል እንጂ እህል ሆኖ አይበላም። ሆኖም የገበጣ ተጫዋቾችን ጊዜ አባካኞች ናቸው ብሎ የሚሰድብ የለም። ሰው የእንጀራ ማሽን አይደለምና ያለ ትርፍ የሚደሰትበት ጥቂት ሰዓት ይገባዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም በሩን ለሁሉ ነገር ከፈትነው ማለት ነው። «ጨዋታ ስለ ራሱ መልካም ነው» ካልን ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውለውም በዚሁ ይገባል። ስለዚህ መለያ ያስፈልገናል። ጨዋታው ምን ያተርፋል ከማለት ይልቅ ተጫዋቹን ምን ያደርገዋል ብለን ብንጠይቅ መለያውን የምናገኝ ይመስለኛል። ከኪዩቡ ሦስት ነገር ላንሣ።

የመጀመሪያው በመፍጠንና በመቸኮል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ የኪዩብ ተወዳዳሪ የዚህ ተረት ተቃራኒ ይመስላል። ነገር ግን ጀማሪዎች ፍጥነታቸው አልጨምር ሲላቸው የሚሰጣቸው ምክር የሚያስገርም ነው፤ «እጅህን አዘግይ» ይባላሉ። ምክንያቱም እጅ ከዓይን ከቀደመ፣ አንዱ ዙር አልቆ ቀጣዩን ፍለጋ መቆም ይመጣል፤ ጊዜ የሚበላውም ይህ መቆም ነው። እጁን ያዘገየ ግን ይህን እየሠራ የሚቀጥለውን ያያል፤ ሳይቆምም ስለሚሄድ ቀድሞ ይደርሳል። ችኮላ ማለት እንግዲህ እጅ ዓይንን ጥሎ መሄዱ ነው። በንግግርም፣ በፍርድም፣ በቁጣም የሚሆነው ይኸው አይደለምን?

ሁለተኛው ራስን መለካት ነው። በተለመደው ውድድር አንድ ተወዳዳሪ አምስት ጊዜ ይፈታል። ከአምስቱ እጅግ የፈጠነውና እጅግ የዘገየው ወጥተው በመካከል ያሉት ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ይካፈላሉ። ይህ ደንብ ጥበብ ያለበት ይመስለኛል። ሰውን በወደቀባት በአንዲት ቀን አይፈርድበትም፤ ነገር ግን በቀናችለት በአንዲት ቀንም እንዲኩራራ አይፈቅድለትም። እኛ ግን ስለ ራሳችን ስንናገር ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የተሻለችውን ቀናችንን እንይዛለን፤ ስለ ጎረቤታችን ስንናገር ከሁሉ የከፋችውን። የሰው ልኩ ግን በመካከል ባሉት ተራ ቀናት ነው። ብቻውን በክፍሉ የሚለማመድ ሰው መጥፎዋን ሰዓት ሰርዞ መልካሟን ብቻ መጻፍ ይችላል፤ ከልካይ የለውም። ማንም በማያይበት ቦታ የዘገየባትን ሰዓት ሳይሰርዝ የሚጽፍ ወጣት፣ ኪዩቡ ከሚሰጠው ከማናቸውም ሽልማት የሚበልጥ ነገር ይዟል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ከሰው ጋር የሚያገናኘው ነው። በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። ልጆች በሜዳ የሚያደርጉት ጨዋታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና ተፈልቶ የሚወጋውም ወግ ጨዋታ ነው። ዝም ያለውን እንግዳ «ተጫወት እንጂ!» እንለዋለን። ስለዚህ በእኛ ልማድ ጨዋታ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ኪዩብ ደግሞ በባሕርዩ የብቸኛ ነገር ነው፤ አንገት ያስደፋል፣ ዓይን ይይዛል።

ሆኖም ብቸኛው ነገር ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ጄሲካ ፍሪድሪክ የተባለች የቼክ ተወላጅ በ1982ቱ ውድድር ላይ ተወዳድራ ነበር። ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ፣ ሌሎችም ያዋጡበት ቢሆንም፣ በስሟ ይጠራል። ዘዴዋን እንደ መድኃኒት አዋቂ ሸሽጋ አልቀረችም፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማንም እንዲማርበት በነጻ አወጣችው። ከላይ ስሙን ያነሣሁት ማክስ ፓርክ ደግሞ በሕፃንነቱ ኦቲዝም እንዳለበት የታወቀ ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ኪዩብ እንዲለማመድ ያደረጉት ጣቶቹን ማዘዝ እንዲለምድ ነው። እርሱ ይመለከተው የነበረው ጀግና አውስትራሊያዊው ፌሊክስ ዜምዴግስ ነበር። ፓርክ አድጎ የዜምዴግስን ክብረ ወሰኖች መስበር በጀመረ ጊዜ፣ ዜምዴግስ ፊቱን አላዞረበትም፤ እንኳን ደስ ያለህ አለው፣ ወዳጅም ሆነው ቀጠሉ። ለዓመታት የደከሙበትን ነገር ሌላው ሲወስደው ደስ ማለት ከ3 ሰከንድ ይከብዳል።

በእኛ ዶርም ያለ አንድ የምህንድስና ተማሪም ኪዩብ ይዞ አይጠፋም፤ ሲፈታው ጣቶቹ አይታዩም። አንድ ቀን አዲስ የገባ ተማሪ «እባክህ አስተምረኝ» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ሊያስተምረው ሲጀምር ግን ጣቱ የሚያውቀውን አፉ አላወቀውም። ቀመሩን ቀስ ብሎ ልሥራ ሲል ይጠፋበት ጀመር። ለልጁ ለማስረዳት ሲል ለምን እንደዚህ ይዞራል፣ ይህችን ማዕዘን ወዴት ይወስዳታል እያለ ከሥሩ ሊመረምረው ግድ ሆነበት። ብዙ ምሽቶች አለፉ፤ ሰዓቱም በእነዚያ ቀናት አልተሻሻለም። ልጁ ግን ቻለ። እኔም ሁለቱን እያየሁ፣ ያ ሁሉ ልምምድ በእነዚህ ምሽቶች ሰው አገኘ ብዬ አሰብሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ መልሴ ይህ ነው። ለማይጠቅም ነገር መትጋት በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው ሰውየው ለጨዋታው መጫወቻ ሲሆን ነው። ምልክቱም አይከብድም። እናት «ልጄ፣ ና እስቲ» ብላ ስትጣራ ከእጁ ሊያስቀምጠው ይችላልን? ጓደኛው ሲቀድመው ደስ ይለዋልን ወይስ እንቅልፍ ያጣል? አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ያገኛልን? በእነዚህ ሦስቱ «አዎን» የሚል ወጣት ይጫወት፤ ጨዋታውም ይባረክለት። «አይደለም» የሚል ግን፣ የያዘው ኪዩብ ሳይሆን መጽሐፍም ቢሆን፣ በሰው ሁሉ ዘንድ የሚመሰገን ሥራም ቢሆን፣ ያው ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህ የመጨረሻው ቃል ኪዩብ ለማናውቀው ለብዙዎቻችን የተነገረ ነው። ጠቃሚ በምንለው ነገር መትጋታችን ብቻ ነጻ አያወጣንምና፣ እጃችን የያዘውን ስንጠራ ማስቀመጥ እንደምንችል እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።