በነጻ ያደረ ሰው ዕዳ አለበትን?

የሰው ልጅ በገንዘቡ ለገዛው ነገር የሚያደርገው ጥንቃቄና በነጻ ላገኘው ነገር የሚያደርገው ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ አይመጣጠንም። የገዛውን ስኒ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ የሰፈሩን ምንጭ ግን ማንም ቢያቆሽሸው ግድ አይሰጠውም። ምክንያቱን ብትጠይቁት «የእኔ አይደለም» ይላችኋል። ጥቂት ቆይቶ ከዚያው ምንጭ ሊቀዳ ሲሄድ የሚከለክለው ሰው ቢያጋጥመው ደግሞ «የሁላችንም ነው!» ብሎ ይሟገታል። ለመሆኑ አንድ ነገር ለመጠበቅ ሲሆን የማንም፣ ለመጠቀም ሲሆን የሁሉም የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ለመመርመሪያ የመረጥኩት ምሳሌ ከቤታችን ራቅ ያለ ነው፤ በጫካና በዱር ውስጥ ያለ ክፍያ ድንኳን ተክሎ ማደር።

አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ወዳጄ አለ። ከዚያ አገር ነገሮች ሁሉ የትኛው እንዳስደነቀው ስጠይቀው ፎቁንም መንገዱንም አላነሣልኝም። «ሁሉ ነገር በገንዘብ በሚለካበት አገር፣ ሰው ጫካ ገብቶ ድንኳኑን ተክሎ፣ ሳንቲም ሳይከፍልና ማንንም ሳያስፈቅድ አድሮ ይሄዳል» ነው ያለኝ። ነገሩ እውነት ነው። በ1905 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የአሜሪካ የደን አገልግሎት 78 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ያስተዳድራል። በ1946 የተቋቋመው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ደግሞ 99 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይዟል። የሁለቱ ድምር ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከአንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይሆናል። ልዩ ክልከላ በሌለበት ሁሉ፣ ከተዘጋጁት የካምፕ ቦታዎች ውጭ በነጻ ማደር ይፈቀዳል። በዚያ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ቧንቧ የለም፤ የቆሻሻ መጣያ የለም፤ ጠባቂም በዘወትር አይቆምም። በአንድ ቦታ መቆየት የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦታ መልቀቅ ግድ ይሆናል።

በአውሮፓም ይህ ልማድ ሥር የሰደደባቸው አገሮች አሉ። ኖርዌይ በ1957 ባወጣችው ሕግ መንገደኛ ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር ርቆ ባልታረሰ መሬት ላይ እንዲያድር ፈቅዳለች፤ ከሁለት ቀን በላይ ለመቆየት ግን በአብዛኛው የባለ መሬቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስኮትላንድ ተመሳሳዩን መብት በ2003 በሕግ አጸናች። በእንግሊዝ ደግሞ ዳርትሙር በተባለው ደጋማ ስፍራ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1985 የወጣው የአካባቢው ሕግ ሕዝብ ለመዝናናት ወደ መሬቱ እንዲገባ ይፈቅዳልና፣ ክርክሩ «ድንኳን ተክሎ መተኛት መዝናናት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። በ2023 መጀመሪያ ላይ ለባለ መሬቶቹ ተፈረደ፤ በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ በሜይ 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአዳሪዎቹን መብት አጸናላቸው።

እንግዲህ መብቱ በሕግ ታውቋል እንበል። ታዲያ በዚህ መብት የተጠቀመው ሰው ጠዋት ድንኳኑን ጠቅልሎ ሲነሣ ምንም ዕዳ የለበትም ማለት ነውን?

አንድ ሰው ሆቴል ሲያድር ከፍሎ ይወጣል፤ ሒሳቡም እዚያው ይዘጋል። አንሶላውን ቢያቆሽሽ የሚያጥብ፣ ብርጭቆ ቢሰብር የሚያስከፍል፣ ወለሉን የሚጠርግ ሰው አለ። ስለዚህ ክፍያ ማለት ኃላፊነትን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፊያ መንገድ ነው። ጫካ ያደረው ሰው ግን ኃላፊነቱን የሚረከበው የለም። ከእሱ በኋላ የሚጠርግለት አይመጣም። የጣለው ቆርቆሮ በጣለበት ዓመታት ይቆያል፤ የቆረጠውም ለጋ ዛፍ ቆርጦ ባደረባት አንዲት ሌሊት ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ «ነጻ» የሚለው ቃል ከዋጋ ነጻ መሆንን እንጂ ከዕዳ ነጻ መሆንን አያመለክትም። እንዲያውም በነጻ ያደረ ሰው ከፍሎ ካደረው ይልቅ ዕዳው ይከብዳል እላለሁ።

«ዕዳው ለማን ነው?» ተብዬ ብጠየቅ፣ ለመንግሥት ነው አልልም። መንግሥት እዚህ ላይ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። «ግብር ከፍያለሁ፤ ስለዚህ የራሴ ነው» የሚለውም መልስ አያስኬድም፤ ግብር የከፈለው ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ነውና። እውነተኛው ባለ ሐቅ ነገ በዚያች ቦታ የሚያድረው ሰው ነው። ይህ ባለ ሐቅ ከሌሎች አበዳሪዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ አይታይም፤ ስሙ አይታወቅም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ አይከስም። የሰው ሥነ ምግባር የሚፈተነውም እንዲህ ባለው አበዳሪ ፊት ነው። የሚከስህን አበዳሪ መክፈል ብልኅነት ነው፤ የማይከስህን መክፈል ግን አማናን መጠበቅ ነው።

የዱር አዳሪዎች እንዲጠብቋቸው የሚመከሩትን ደንቦች በዚህ ዓይን ብናያቸው ትርጉማቸው ይገባናል። ከወንዝና ከሐይቅ 60 ሜትር ያህል ራቅ፤ መጸዳጃህን ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ቆፍረህ ቅበር፤ ያመጣኸውን ቆሻሻ ይዘህ ተመለስ፤ እሳትህን ውኃ አፍስሰህ፣ አመዱን አማስለህ፣ በእጅህ ዳብሰህ መቀዝቀዙን ሳታረጋግጥ አትሂድ። እነዚህ ሁሉ ለሚመጣው ሰው የሚከፈሉ ክፍያዎች ናቸው። ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ውኃ፣ ሣርና እሳት የሰዎች የጋራ መሆናቸውን አስተምረዋል፤ እንዲሁም በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል። የመጀመሪያው ትምህርት መብትን ሲሰጥ ሁለተኛው ዕዳውን ያሳያል። ሁለቱን ነጣጥሎ መያዝ አይቻልም።

ይህ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በጁላይ 2016 በካሊፎርኒያ፣ ቢግ ሰር በሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ አንድ ሰው እሳት ማንደድ ባልተፈቀደበት ፓርክ ውስጥ አንድዶ ሳያጠፋ ትቶት ሄደ። ሶበራኔስ ተብሎ የተጠራው ይህ ቃጠሎ ለወራት ነድዶ ከ53 ሺህ ሄክታር በላይ አዳረሰ። 57 መኖሪያ ቤቶችን አወደመ፤ እሳቱን ለመግታት በቡልዶዘር ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ሞተ፤ ለማጥፋትም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። የለኮሰው ሰው ግን ማን እንደሆነ አልታወቀም። የማይታይ አበዳሪ እንዳለ ሁሉ የማይታይ ባለዕዳም አለ ማለት ነው።

ሌላው መዘዝ መብቱ ራሱ መጥበቡ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ሎሞንድ በተባለው ሐይቅ ዙሪያ ቆሻሻው፣ የተቆረጠው ዛፍና የእሳቱ ጠባሳ ስለበዛ፣ ከ2017 ጀምሮ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት በተከለሉት የሐይቁ ዳርቻዎች ያለ ፈቃድ ማደር ተከልክሏል። የከለከለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ወደ ክልከላው ያደረሱት ግን «የሁላችንም ነው» ብለው ገብተው «የእኔ አይደለም» ብለው የወጡት ናቸው።

«የጋራ ነገር ምንጊዜም መበላሸቱ አይቀርም» የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ጋሬት ሃርዲን የተባሉት አሜሪካዊ በ1968 ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ እያንዳንዱ ከብቱን ሲያበዛበት እንደሚጠፋ ተከራክረዋል። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ማኅበረሰቦች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው በደነገጉት ሥርዓት ለረጅም ዘመን እንዳቆዩ አሳይተው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለእኛ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ምድር ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት እየከለለ፣ ሲደርስም በሥርዓት እያጨደ ለትውልድ አስተላልፏል። ጓሳን ያቆየው ዕዳውን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የጋራ ነገር የሚጠፋው የጋራ ስለሆነ ሳይሆን ዕዳው ሲካድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ልናልፈው የማይገባ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ይህ ሁሉ ደንብ የተሠራው ለመዝናናት ወጥቶ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ነው። መመለሻ ቤት የሌለውስ?

በአሜሪካ የቤት ኪራይ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት መኪናው ውስጥ ወይም በድንኳን የሚኖር ሰው ብዙ ነው። በጁን 2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሪገን ግዛት ከምትገኝ ግራንትስ ፓስ ከተማ በመጣ ጉዳይ ላይ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ውሳኔ ሰጠ። ከተሞች በሕዝብ ቦታ ማደርን ከልክለው ቢቀጡ፣ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለው የጭካኔ ቅጣት አይሆንም አለ። ከከተማ የተነሣ ሰው ወደ ጫካ ቢሄድ፣ የደኑ ደንብ ደግሞ መሬቱን መኖሪያ ማድረግን ይከለክላል። በዚያው በኦሪገን፣ ቤንድ በተባለች ከተማ አጠገብ በሚገኘው የዴሹትስ ብሔራዊ ደን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሰፈሩ ሰዎች፣ ለቃጠሎ መከላከያ የደን ሥራ ተብሎ አካባቢው ሲዘጋ በሜይ 2025 እንዲለቁ ተደርጓል።

ድንኳኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥላውም አንድ ነው። ለአንዱ ዐሥራ አምስተኛው ቀን ወደ ቤት መመለሻ ነው፤ ለሌላው ግን ወደሌላ ጫካ መሰደጃ ነው። «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» ብለን እንለፈው? እኔ እንዲህ ማለፍ አልችልም። የቀን ገደቡ ፍትሐዊ የሚሆነው መመለሻ ባላቸው ሰዎች መካከል ነው። ዕረፍት ለወጣው ሰው ገደቡ «ለወንድምህ ተራ ልቀቅ» ማለት ነው፤ ማረፊያ ለሌለው ግን «ከዓይናችን ራቅ» ማለት ይሆናል።

በሌላ በኩል፣ ቤት የሌለው ሰው ከዕዳው ነጻ ነው ልል አልፈልግም። ያልጠፋ እሳት ያነደደውን ሰው ማንነት ጠይቆ አይነድም፤ የተበከለ ወንዝም የበካዩን ድህነት አይቶ አይጠራም። እሱም ለሚመጣው ሰው ውኃውን የመጠበቅና እሳቱን የማጥፋት ግዴታ አለበት። ይህን አለመጠየቅ ከሰው በታች አድርጎ ማየት ነው። ነገር ግን ቦታውን የመልቀቅ ዕዳ በእሱ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ቤት አጥቶ ጫካ የገባ ሰው የከተማውን ያልተከፈለ ዕዳ ተሸክሞ ነው የገባው። ደኑ ይህን ዕዳ እንዲከፍል ሊደረግ አይገባም፤ ሰውየውም ብቻውን እንዲከፍል ሊደረግ አይገባም። ስለዚህ «ተነሥ» የሚል ሁሉ «ወዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ መምጣት አለበት። መልስ ሳይዝ የመጣ ሰው ደን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ አማናውን ግን በልቷል።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ፣ መልሱ አዎን ነው፤ በነጻ ያደረ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውም ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ያደረበትን ቦታ ሌላ ሰው ሊያድርበት የሚችል አድርጎ መተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ሲነሣ የሚሄድበት ያለው ሰው፣ የሚሄድበት የሌለውን እንዳይረሳ ነው። የመጀመሪያውን ለመክፈል ጥቂት ውኃ፣ አንድ መቆፈሪያና አንድ ከረጢት ይበቃሉ። ሁለተኛውን ለመክፈል ግን ከተማ ሙሉ ሕዝብ ያስፈልጋል። ሁለታችንም፣ እናንተ አንባብያንም እኔም፣ ድንኳን ተክለን ባናድር እንኳ የጋራ ምንጭ፣ የጋራ መንገድና የጋራ ጥላ አለንና ሒሳቡን ከደጃችን መጀመር እንችላለን።

ወሰላም።