ዋስና ቁራኛ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የተጠናወተኝ አመል ዛሬም አልለቀቀኝም፤ አንድ ነገር ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ ቃሉን አገላብጣለሁ። ሰሞኑን ያገላበጥኩት «ከፋላ» የሚባለውን ነው። ቤሩት ወይም ጂዳ ሠርታ የተመለሰች እህት ያለችው ሰው «ከፊሌ እንዲህ አለኝ» ስትል ሳይሰማ አልቀረም። በዐረብኛ ከፋላ ማለት ዋስትና ነው፤ ከፊል ማለትም ዋስ። እንግዲህ ዋስ እንዴት የሚፈራ ሰው ሊሆን ቻለ?

በእኛ አገር ዋስ አይፈራም፤ ይፈለጋል እንጂ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ሲብስም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ጉዳያቸው እስኪያልቅ አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር። ቁራኛ ይሉታል። ከዚያ ጣጣ የሚያላቅቅህ ዋስ ነው። ዋስ ሲገኝ ቋጠሮው ይፈታል፤ አንተ ወደ ሥራህ፣ እሱ ወደ ስጋቱ። ብትጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነዋ! ዋስን «ተያዥ» የምንለውም ለዚህ ነው። የሚያዘው ዋሱ ነው።

ከፋላ ይህን ገልብጦታል። አንዲት የቤት ሠራተኛ ሊባኖስ ስትገባ ቪዛዋ፣ የሥራ ፈቃዷና የመኖሪያ ፈቃዷ ሦስቱም በአንድ አሠሪ ስም ላይ ይንጠለጠላሉ። ያለ እሱ ስምምነት ከቤቱ ከወጣች፣ ደመወዝ ተከልክላም ይሁን ተደብድባ፣ ወረቀቷ ዋጋ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኛን ከመነሻው ከሽፋኑ አውጥቷታል። ስለዚህ የስድስት ወር ደመወዝ የቀረባት ሴት ልክሰስ ብላ ብትወጣ፣ መጀመሪያ የምትጠየቀው ስለ ደመወዟ አይደለም፤ «ወረቀት አለሽ ወይ?» ነው። ዋሱ ራሱ ቁራኛ ሆኖ አረፈው።

የጎረቤቴ ልጅ ሰባት ዓመት ቤሩት ሠርታ ተመልሳለች። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ፓስፖርቷን ያየችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲቀበሏትና ሲሸኟት። «ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ብጠይቅ ልትጠፋ ነው ይሉኛል» አለችኝ።

የራስን ወረቀት መጠየቅ የመጥፋት ማስረጃ የሚሆንበትን ኑሮ ምን እንበለው?

እዚህ ላይ የሚሞግተኝ አንባቢ አይጠፋም። «አገር ሁሉ ደጁን የመጠበቅ መብት አለው። አሠሪውስ ቢሆን? ለኤጀንሲ፣ ለቪዛ፣ ለቲኬት ከፍሏል። በወሯ ጥላው ብትሄድ ማን ይካሰው?» ክርክሩ የዋዛ አይደለም፤ የከፈለውም ገንዘብ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የገንዘብ ጉዳት በገንዘብ ይካሳል። ውል የፈረሰበት ነጋዴ ይከሳል እንጂ ውል ያፈረሰበትን ሰው ቤቱ አይቆልፍም። አገርም ደጁን ይጠብቅ። ነገር ግን የደጁን ቁልፍ ለአንድ አባወራ አስረክቦ ሲያበቃ «ሕግ አስከበርኩ» ማለት አይችልም። አሠሪው ተከራካሪ ወገን ነው፤ ተከራካሪው የባላጋራውን ወረቀት በኪሱ ከያዘ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

«ሕገ ወጥ» የሚለው ቃልም ያስቸግረኛል። በኅዳር 2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። በየመን አድርገው ባሕርና በረሃ አቋርጠው የገቡ ነበሩበት፤ በደንበኛ ቪዛ ገብተው ከአሠሪ ቤት ሲሸሹ ወረቀታቸው የወደቀባቸውም ነበሩበት። ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቀለልናቸው። ድርጊት ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ ከዱላ መሸሽ ግን በየትኛው ሚዛን ነው ወንጀል የሚሆነው?

ታዲያ ለእንዲህ ያለችው ሴት የሕግ ድጋፍ ማቆም ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? እኔ ዕዳ ነው ባይ ነኝ። በላከችው ገንዘብ ወንድም ተምሯል፣ ቤት ተሠርቷል፣ አገርም የውጭ ምንዛሪ አግኝቷል። ጥቅሟን የተካፈለ ጣጣዋን ሊካፈል ይገባል። ደግሞም ሕጉ አለ። በ2008 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛዋን የላከው ኤጀንሲ ከውጭው አሠሪ ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ እንዲሆን ደንግጓል። በአማርኛ ሲተረጎም፣ ቤሩት ሄዳ መክሰስ ያቃታት ሴት እዚሁ አገሯ ኤጀንሲውን መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ የጥንቱ ዋስ ነው፤ የሚያዘው ተያዡ! በደላላ የሄደችው ግን የምትይዘው ሰው የላትም፤ ደላላው ስልኩን ቀይሯል።

የሕግ ድጋፍ ሲባል የግድ ካባ የለበሰ ጠበቃ አይደለም። ውሉን ከመፈረሟ በፊት በሚገባት ቋንቋ የሚያነብላት ሰው የሕግ ድጋፍ ነው። የውሉና የፓስፖርቱ ቅጂ እናቷ ዘንድ መቀመጡም እንደዚያው። ፍርድ ቤት ወረቀት ይጠይቃል፤ ዋናው መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባት ሴት ቢያንስ ቅጂው ይኑራት።

«ከፋላን ማን ይነቀንቀዋል?» የሚል ካለ ደግሞ፣ ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ሠራተኛን ጨምሮ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ይሁንታ ሥራ መቀየር እንዲችል ሕጓን አሻሽላለች። በተግባር ብዙ እንደሚቀረው የመብት ተሟጋቾች ይናገራሉ። ሰማዩ ግን አልተደፋም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛስ? የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ተያዥ አለሽ?» ነው። እሷ ግን በእኛ ላይ ማንን ትይዛለች? የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ጉዳይ በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ ከሽፋኑ ውጭ ትቷታል፤ በዚህ ከሊባኖስ ሕግ ብዙም አንርቅም። መታወቂያዋን «ለጥንቃቄ» ተቀብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያኖር ቤትም ሞልቷል። የቤሩቷን ማዳም መሳቢያ መኮነናችን ትክክል ነው፤ እንኮንን። ግን እግረ መንገዳችንን የራሳችንንም ቁም ሣጥን ከፈት አድርገን እንይ፤ የማን መታወቂያ ተቀምጦበት ይሆን?